ምዕራፍ 4፦ የራስ ዕቃና የሰው ዕቃ

ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን የሚነሳ ሚኒባስ አስቁመን፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የታሰረውን ዕቃ አውርደን ባለቤት ባለቤቱን ብንለይ፣ ትልቁ ክምር የተሳፋሪዎቹ እንደማይሆን እወራረዳለሁ። በሲባጎ ጥፍንግ ተደርጎ የታሰረው ካርቶን ለአክስት የሚደርስ ነው። ዘንቢሉን የላከችው የጎረቤት እናት ናት። ቢጫው ጀሪካን ለለቅሶ ቤት የተገዛ ዘይት ነው። ተሳፋሪው ራሱ ለሁለት ቀን የሚያስፈልገው ሁሉ ጭኑ ላይ ባስቀመጣት ቦርሳ ውስጥ አልቋል።

ስለ ቀላል ሻንጣ የሚጻፉት ምክሮች ይህን ክምር አያውቁትም። ሸሚዝ እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ሻምፖ በስንት ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንደሚያዝ ይነግሩናል። ብቻውን ለሚሄድ፣ ሆቴል ለሚያድር፣ ማንም ለማይጠብቀው ሰው ደህና ምክር ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ለሚመላለስ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከምሸከመው ውስጥ የእኔ የቱ ነው? የእኔ ያልሆነውንስ በምን ልክ ልቀበል? እንግዲህ መጀመሪያ ወደዚህ አገር ከወጡት ጓዞች ሁሉ ከባድ ከነበሩት አንዱን እንይ።

በ1841 እ.ኤ.አ. በህንድ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ የሚባል መኮንን ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ላከ። ጓዙ ከታጁራ ተነስቶ፣ በአሳል ሐይቅ በኩል አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ ዓመቱ እጅግ በሚግልበት ወራት አቋረጠ። ግመሎቹ ላይ ከተጫነው ዋናው የመንገደኞቹ ልብስና ምግብ አልነበረም፤ ለንጉሡ የሚቀርብ እጅ መንሻ ነበር። ጠመንጃ፣ መድፍ፣ የሐር ጨርቅ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ ሳጥን ሳይቀር። ፋሬ ሲደርሱ ግን ግመል ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አቀበት ግመል አይወጣውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ተጠርተው ያን ሁሉ በትከሻቸው እያደረጉ ወደ አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባም ወደ አንኮበር አወጡት። ሃሪስ ከንጉሡ ጋር ሊዋዋል የመጣበት ውል የተፈረመው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው።

ሃሪስ በጉዞው ላይ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ስሙ ቀርቷል፤ ዳገቱን የወጡት ተሸካሚዎች ግን ስማቸው አልተረፈም። በዚህ ምዕራፍ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር ይኸው ነው። ሻንጣ ሲከብድም ሲቀልም፣ ክብደቱ የሚያርፍበት ሰው አለ።

አርባ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በዚያው በታጁራ መንገድ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ገባ። ምኒልክ አልነበረም። ራምቦ ዕቃውን አስከትሎ እንጦጦ ድረስ ሄዶ መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ ንግዱም ያሰበውን ያህል አላተረፈውም። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ቢሆን መንገዱን ቀይሮ በተመለሰ ነበር።

ሣህለ ሥላሴ ራሱ ግን ጓዝ አስከትሎ የመዞር ችግር አልነበረበትም። አንኮበር ብቻ የተቀመጠ ንጉሥ አይደለም፤ ወደ አንጎለላ ይሄዳል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ይሻገራል፣ ተመልሶ ይመጣል። የልጅ ልጁ ምኒልክ በ1844 እ.ኤ.አ. የተወለደው አንጎለላ ነው። እንዲህ የሚመላለስ ንጉሥ በደረሰበት ሁሉ ግቢ አለው፤ ከዚያ ወደዚህ የሚጓጓዘው ሁሉም ቦታ ሊኖር የማይችለው ብቻ ነው። ለንጉሥ የሠራው ለእኛም ይሠራል። በየሳምንቱ አንድ መንገድ የሚመላለስ ሰው ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽና ርካሽ ቻርጀር በሁለቱም ጫፍ ቢያስቀምጥ የቦርሳው ሲሶ ይወርድለታል። ዘመድ ቤት የሚያርፍ ከሆነ አንድ ፌስታል ቁም ሣጥን ላይ ማኖር የሚከለክለው የለም። አልጋ ቤት የሚያርፍም ቢሆን፣ ደንበኛ ከሆነ ባለቤቷ አትነፍገውም። ለጉዞ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ሁለተኛ ቻርጀር የሚገዛበት ብር ይበልጥ የሚክስ ይመስለኛል።

በሌላው ጫፍ ያለው የቆሎ ተማሪ ነው። እሱ ግቢም ቁም ሣጥንም የለውም። ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ አቋቋሙን ከሦስተኛው ሲፈልግ ዓመታት በእግሩ ይዞራል። የያዘውን ቀረብ ብለን ብናይ እንዲህ ነው። ትከሻው ላይ ደበሎ፣ ማለትም ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ፤ ቀን ካባ ነው፣ ማታ ምንጣፍም ልብስም ነው። በጎኑ የለመነውን የሚያኖርበት አኮፋዳ። ዳዊቱ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆኖ በጠፍር ይንጠለጠላል፤ ማኅደሩ መጽሐፉን ከዝናብ ይጠብቃል፣ እጁንም ነጻ ያደርግለታል። እና ዱላ፤ ለውሻ፣ ለወንዝ፣ ለዳገት። ከአራቱ ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ያለው አኮፋዳው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ቢሆን ሲጨንቅ ትራስ ይሆናል።

ይህን ዝርዝር የሚያይ ሰው በሩቅ አገር ስለ ቀላል ጉዞ የሚጻፈው ሁሉ እዚህ እንደነበረ ይገባዋል። ኤማ ጌትዉድ የተባለች አሜሪካዊት አያት በ1955 እ.ኤ.አ.፣ በ67 ዓመቷ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻዋን ስትጨርስ፣ የያዘችው በእጇ የሰፋችው ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ለዝናብ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ፕላስቲክ ነበር። ጫማዋ ሸራ ነው። የአኮፋዳ ዘመድ ማለት ይቻላል።

ግን የቆሎ ተማሪው ዝርዝር ውስጥ የሌለውንም እንቁጠር። ድስት የለም፣ እህል የለም፣ ገንዘብ የለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ያ ሁሉ ከመንደሩ ይወጣል። እሱን ያቀለለችው እንጀራውን የጋገረችው ሴት ናት። ኤማ ጌትዉድንም በየመንገዱ የማያውቋት ሰዎች አብልተዋታል፣ አሳድረዋታል። እኛም ዛሬ አንኮበር አክስታችን ቤት ብርድ ልብስ ሳንይዝ የምንሄደው አክስታችን ብርድ ልብስ ስላላት ነው። ያ ፖርቶ መጋላ ላይ ያለው ካርቶን የዚህ መልስ ነው። ስኳርና ቡና ይዞ የሚገባ ሰው ባለፈው ያደረበትን አልጋ እየከፈለ ነው፤ ማንም ግን እንደዚያ ብሎ አይናገረውም።

አሁን ወደ ልብስ እንምጣ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ሲሄዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ ሲያልፉ ምድር ከሥርዎ ይከዳል፤ ደብረ ሲናን ጥለው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ከደብረ ብርሃን ማለዳ ውርጭ እየረገጠ የተነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሸዋ ሮቢት ጥላ ይፈልጋል። ከአንኮበር አፋፍ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ በእግሩ።

ብዙ ሰው ለዚህ የሚያገኘው መልስ ሁለት ሻንጣ ነው፤ አንዱ ለደጋ፣ አንዱ ለቆላ። መልሱ ግን ንብርብር ነው። ሰውን የሚያሞቀው ጨርቁ ራሱ አይደለም፣ ጨርቁ የያዘው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ካናቴራ፣ ሹራብና ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት መደረብ ያው ሙቀት ይሰጣል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ አንድ በአንድ ይወልቃል። ጋቢም የሚሠራው በዚህ ነው። አራት እጥፍ ስለሆነ በየእጥፉ መካከል አየር ይዘጋል። ስስ ነጠላ ብርድ የማይከለክለው፣ ጋቢ የሚከለክለው ጥጡ ተለይቶ አይደለም።

ስለ ጋቢ ግን አንድ ክርክር አለኝ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ደረቅ ብርድ ሲሆን፣ እሱን የሚተካ የለም። መኪና ውስጥ መደገፊያ ነው፣ አልጋ ቤት ውስጥ የሚጠራጠሩት አንሶላ ላይ የሚነጠፍ ነው፣ ለቅሶ ቤት ቢደርሱ ወግ ነው። ክረምት ላይ ግን ሸክም ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ በእጥፉ መካከል የነበረው አየር ይወጣል፤ አንኮበር ጉም ውስጥ ለሦስት ቀን ላይደርቅ ይችላል። ሱፍ ግን ሌላ ነው። የበግ ጠጉር የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ ገና እርጥብ አይመስልም፤ ጠጉሩ ስለሚጠቀለልም አየሩን አይለቅም። መንዞች ከበጋቸው ጠጉር ባና የሚሠሩት፣ ደብረ ብርሃንም የብርድ ልብስ ፋብሪካ የቆመባት፣ ይህ አገር የበግና የብርድ አገር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለክረምት ጉዞ ጋቢው ቤት ይዋል፤ ሰልባጅ ተራ ተፈልጎ የሚገኝ እውነተኛ የሱፍ ሹራብ ይያዝ። በውስጡ ያለውን የጽሑፍ ምልክት ማየት ነው፤ አክሪሊክ የሚል ከሆነ ሱፍ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ጫማ አንድ ነው፤ እሱም እግር ላይ። ሁለተኛ ጫማ የሚይዝ ሰው ከሌላው ሁሉ የሚከብደውን ዕቃ ደግሞ ያዘ ማለት ነው። ለማረፊያ ነጠላ ጫማ ይበቃል። ከሐምሌ እስከ መስከረም አንኮበር ገጠር የሚገባ ሰው የከተማ መኩሪያ ጫማውን ትቶ ቦቲውን ተጫምቶ ይሳፈር፤ ሚኒባስ ውስጥ ማንም ጫማ አይመለከትም።

ስንቅ ላይ የአገሩን ሰው ማንም ሊያስተምረው አይችልም። የምግብ ክብደት በአብዛኛው ውሃ ነው፤ እንጀራ ራሱ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በየደረሱበት ይገኛል። ታዲያ ውሃን ለምን ይሸከሟል? ድርቆሽ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ከሁሉ የበላይ ግን በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ ውሃው ወጥቷል፣ በስሏል፣ ወራት ይቆያል። በውሃና በጨው ከበጠበጡት መጠጥ ነው፤ ውሃውን ካሳነሱት ተጨብጦ የሚበላ ነው፤ ማር ከተገኘ ቁርስ፣ ቅቤ ካለ ድግስ። ጾምም ፍስክም አይለየውም። ሌላም ጥቅም አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 90 ተጠግቶ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ። በዚህ ምክንያት ፓስታም ምስርም ከወትሮው ቆይቶ ይበስላል፣ ከሰልም ይበላል። በሶ እሳት አይጠይቅም።

በየሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የምትመላለስ አንዲት የጤና ባለሙያ ቦርሳዋን ስትፈታ አይቻለሁ። በሶው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ነው፤ ሲያልቅ ጠርሙሱ የውሃ መያዣ ይሆናል። ሳሙናው ሙሉ አይደለም፣ በቢላ የተቆረጠ ሩብ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ቫዝሊን፣ ሶፍት። አንድ ቅያሬ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ። የምትወስደው ክኒን ከነካርቶኑ፣ ከጉዞው ቀናት በላይ ለሦስት ቀን የሚበቃ፤ «መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ልብስ ይደገማል፣ መድኃኒት አይደገምም» አለችኝ። ጃንጥላዋ ለፀሐይም ለዝናብም ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ስለሚበረታ ደጋ ላይ በብርድ መካከል ፊት ይላጣል። የቦርሳው ማንገቻ ተበጥሶ በሲባጎ ተሰፍቷል። ሁሉም ተመዝኖ አምስት ኪሎ አይሞላም፤ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ እንዲያዝ ከሚፈቀደው ሰባት ኪሎ ያነሰ ነው።

የሚገርመው ግን ዕቃው አይደለም፣ ቦርሳው የሚቀመጥበት መንገድ ነው። ፈጽሞ አትፈታውም። ከጉዞ በተመለሰች ማታ የቆሸሸው ይወጣል፣ የታጠበው ይገባል፣ ያለቀው ይሞላል፣ ቦርሳው በር ኋላ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ሌሊት ስልክ ቢደወል የምታነሳው እሱን ብቻ ነው። የሚያከብደን ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነውና፤ በመጨረሻው ደቂቃ የሚታሸግ ሻንጣ «ምናልባት» በሚል ነገር ይሞላል።

ሁለት ነገሮች ግን ቦርሳው ውስጥ የሉም፤ ኪሷ ውስጥ ናቸው። አንዱ መታወቂያ ነው፤ ኬላ ላይ ውረዱ ሲባል ፖርቶ መጋላ ላይ ያለ መታወቂያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛው ዝርዝር ብር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ ቀንሷል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሻይ ቤቷ ውስጥ የሚሠራው ወረቀቱ ነው።

ይህ ሁሉ የራስ ዕቃ ነው፤ ቀላሉ ክፍል። አስቸጋሪው የሚመጣው መናኸሪያ በር ላይ ነው። ባለሙያዋ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አንዲት እናት ማዳበሪያ ጎትተው ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ይቺን ብቻ ለልጄ አድርሽልኝ፤ ጎረቤላ ነው የሚጠብቅሽ።»

«እማማ፣ ይሄ ስንት ኪሎ ነው?»

«ኧረ በሶ እኮ ናት፣ ነፍሴ! በሶ ምን ይከብዳል?»

እምቢ ማለት ይቻላል የሚል ምክር በሌላ አገር መጽሐፍ ይገኛል። እኛ ዘንድ አይቻልም፤ ቢቻልም ጥሩ አይደለም፤ ነገ የአንቺ እናት ታማ መድኃኒት የምትልኪበት ሰው ትፈልጊያለሽ። የሚቻለው ልክ ማበጀት ነው። እሷ ያበጀችው ልክ እንዲህ ነው። ለአደራ የምትይዛት ሁለተኛ ቦርሳ አለች፣ ተጣጥፋ የምትገባ ስስ ናይለን። ከዚያች የማይገባ አደራ አትቀበልም፤ ሲሞላም ሞልቷል ብላ ታሳያለች፣ የተሞላ ቦርሳ አይታ የሚያኮርፍ የለም። ምን እንደሆነ ሳታይ አትቀበልም፤ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነውና፣ የላከው ቤቱ ነው። ተቀባዩ መኪናው ከሚቆምበት መጥቶ ይወስዳል እንጂ እሷ ቤት ለቤት አታደርስም። ከዚህ የተረፈው ማዳበሪያ ስምና ስልክ በደማቅ እስክሪብቶ ተጽፎበት፣ ለረዳቱ ተከፍሎ፣ በመኪናው ይሄዳል። እማማ የሚፈልጉት ዕቃው እንዲደርስ ነው፤ በእሷ ትከሻ እንዲደርስ አይደለም። ግን «በሹፌር ላኩት» ሲባሉ ትንሽ ቅር ይላቸዋል፤ በሰው እጅ የተላከ ነገር ሰላምታም ይይዛላ።

መመለሻው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ተጸብሎ የሚመለስ ሰው ጀሪካን ይዞ ነው የሚወርደው፤ ሃያ ሊትር ጸበል ሃያ ኪሎ ነው፣ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። የጎረቤቱን ሁሉ ድርሻ በትልቅ ጀሪካን ከማምጣት በትናንሽ ሃይላንድ እያከፋፈሉ ለሚመለሱት ሁሉ ማካፈል ይሻላል። አረቄ የሚገዛ ጠርሙሱን ካልሲ ውስጥ ያስገባው፤ ካልሲው ለዚያ ነው የተያዘው ማለት ይቻላል። ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሁለት ሻንጣ ስለሚፈቀድለት በርበሬና ሽሮ ለመላክ ያልተጻፈበት የዘመድ ስም አይኖርም፤ የእሱ ልብስ ከጥግ ይገባል።

የአደራዋን ቦርሳ ግን ባዶዋን እመልሳለሁ ብሎ የሚያስብ አገሩን አያውቅም። ጎረቤላ ላይ በሶዋን የተቀበለው ልጅ ቦርሳዋን እንዳለች አይመልስም፤ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው። ድንች ይሆናል፣ ባቄላ እሸት ይሆናል፣ ጎመን ይሆናል። ለዚህ ነው ባለሙያዋ የራሷን ቦርሳ አምስት ኪሎ ላይ አጥብቃ የያዘችው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ባቄላው የሚያርፍበት አንድ እጅ ነጻ መሆን አለበት።